የዕረፍት ዕድሜና የደጃፋችን አእዋፍ



የዛሬው ገለጻ የሚነሣበት ጥያቄ አጭር ነው፤ ዕድሜው የገፋ ሰው አእዋፍን በእርጋታ በመመልከት እንዴት ያርፋል? ጥያቄው ለሥነ ሕይወት ተማሪ ቀላል፣ ለገበሬ ደግሞ የሥራ ፈት ወሬ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔ ግን ጉዳዩ የእርጅናን፣ የአእምሮን፣ የዛፍንና የቋንቋን ጉዳይ በአንድነት የሚነካ ነው ባይ ነኝ። በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ዕረፍት ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአማርኛ «ዐረፈ» የሚለው ግሥ ሁለት ነገር ይናገራል። ከድካሙ ጋብ ያለውን ሰው ዐረፈ እንላለን፤ የሞተውንም ዐረፈ እንላለን። አነጋገሩ የክብር ነው። ነገር ግን ሳናስበው አንድ አመለካከት ሳያስለምደን አልቀረም፤ እውነተኛ ዕረፍት ከመቃብር በኋላ የሚመጣ፣ በሕይወት ላለ ሰው የማይገባ ነገር አድርገን እንድንቆጥር ያዘነብለናል። አንድ አዛውንት ከደጃፋቸው ተቀምጠው ቢውሉ «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ይመስለኛል።

በአገራችን ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ለ35 ዓመት የደወል ድምፅ ሰምቶ ክፍል የገባ መምህር፣ ወይም በየማለዳው መዝገብ የፈረመ ጸሐፊ፣ በአንድ ቀን ሰዓቱ ባዶ ይሆንበታል። ገበሬው ደግሞ የጡረታ ቀን የለውም። እንሰቱን መፋቅ፣ ከብቱን ማሰማራት፣ እርሻውን መጎልጎል እያለ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይከዳዋል። በሀዲያና በከምባታ ቤቶች በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይታከላል። ብዙ ወጣቶቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ግቢው ሰፊ፣ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ነዋሪዎቹ ግን ሁለት ሽማግሌዎች የሆኑበት ደጅ በየቀበሌው ይገኛል። በዚያ ደጅ የሚቀመጥ ሰው አካሉ ቁጭ ብሏል፤ ሐሳቡ ግን አልተቀመጠም። ስልክ ይጠብቃል፣ ያለፈውን ነገር ይፈታል፣ መልሶም ይቋጥራል። እንዲህ ያለው መቀመጥ ሥራ መፍታት እንጂ ዕረፍት አይደለም።

ስለዚህ የገለጻዬ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ያረጀ አእምሮ የሚያርፈው ትኩረቱን ሁሉ ሲያጣ አይደለም፤ ትኩረቱን ሳያስጨንቀው የሚይዝለት ነገር ሲያገኝ ነው። በደጃፋችን የሚመላለሱ አእዋፍ ለዚህ እጅግ የተመቹ ናቸው።

ጥናቶች የሚነግሩን

በዚህ ረገድ የታወቀው ንድፈ ሐሳብ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ምሁራን ራቸልና ስቲቨን ካፕላን ያቀረቡት ነው። ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ የሰውን ትኩረት በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው በፈቃድ የምናዘው ትኩረት ነው፤ ሒሳብ ስንሠራ፣ ስንሟገት፣ መኪና በበዛበት መንገድ ስንሻገር የምንጠቀምበት ነው። ይህ ትኩረት ይደክማል። ሁለተኛው ሳናዘው በራሱ የሚሳብ ትኩረት ነው፤ የደመና መንሳፈፍ፣ የቅጠል መወዛወዝ፣ የወፍ መዝለል ይስበዋል። ሁለተኛው ሲሠራ የመጀመሪያው ያገግማል። የካፕላኖች ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር፣ አእምሮን የሚያሳርፈው ለስላሳ መመሰጥ ነው።

ከእነርሱ ቀደም ብሎ ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ የ46 ሕሙማንን መዝገብ መርምሮ ነበር። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፎችን ያሳያል፤ የቀሩት መስኮት የጡብ ግድግዳ ያሳያል። ዛፍ ያዩ የነበሩት በሆስፒታሉ የቆዩበት ጊዜ አጠረ፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም አነሰ።

ወደ አእዋፍ ስንመጣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለት ጥናቶች ታትመዋል። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የሠሩት 1,292 ሰዎች በእጅ ስልካቸው በቀን ውስጥ በተለያዩ ሰዓታት የሰጡትን መልስ የመረመረ ነበር። ወፍ ባዩበት ወይም በሰሙበት ጊዜ የመንፈሳቸው ሁኔታ የተሻለ ነበር፤ መሻሻሉም እስከ 8 ሰዓት ያህል ሊቆይ እንደሚችል ታይቷል። ይህ በድብርት ሕመም የተያዙትንም ይጨምራል። በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተመራማሪዎች ደግሞ 295 ሰዎችን ለ6 ደቂቃ ብቻ የወፍ ዜማ ወይም የመኪና ጫጫታ አሰሟቸው። የወፍ ዜማ የሰሙት ጭንቀታቸው ቀነሰ።

ተማሪዎች እዚህ ላይ ጥንቃቄ እንድታደርጉ እለምናለሁ። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በሌሎች አገሮች፣ በአብዛኛውም በከተማ ነዋሪዎች ላይ ነው። ወፍ ማየት ሕክምናን አይተካም፤ እንቅልፍ ያጣና ምግብ ያስጠላው ሽማግሌ ወደ ጤና ባለሙያ ሊወሰድ ይገባዋል። ጥናቶቹ የሚሉት ከዚህ ያነሰ፣ ግን ቁም ነገር ያለው ነው። ጥቂት ደቂቃ፣ ያለ ወጪ፣ መንፈስን ታቃልላለች።

ምክሩ ለእምነታችንም እንግዳ አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ስለ ነገ ለሚጨነቁ ሰዎች የተሰጠው ምክር የሰማይን አእዋፍ እንዲመለከቱ ነው። በቁርኣንም ሱረቱል ሙልክ ሰው ከበላዩ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚበሩትን አእዋፍ አያይምን ብሎ ይጠይቃል። በሁለቱም ዘንድ ሰው የሚጠየቀው መጀመሪያ እንዲያይ ነው።

ዕድሜ የሚወስደውና የሚተወው

«ዓይኔ ደክሟል፣ ጆሮዬም አይሰማም፤ ምን ላይ ነው ወፍ የማየው?» የሚል አዛውንት ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቀዋል። መልሱ ግን ከሚያስቡት ይሻላል።

ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ በቅርብ ያለውን ነገር ማየት ይከብዳል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃተው ዓይን ግን ሌላ ሕመም ካላገኘው በሰማይ የምትዞረውን ጭልፊት ከወጣቱ እኩል ሊያያት ይችላል። ከእርጅና ጋር የሚመጣው ድክመት በመጀመሪያ የሚነካው ለንባብና ለእጅ ሥራ የሚያስፈልገውን የቅርብ እይታ ነው። ሩቁም ጭጋግ ከለበሰ ምክንያቱ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። የዓይን ሞራ በኢትዮጵያ ዋነኛው የዓይነ ስውርነት መንሥኤ ሲሆን በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ስለዚህ ለአባታችሁ የማያ መነጽር ከመግዛታችሁ በፊት ዓይናቸውን አሳክሙላቸው።

የጆሮው ነገር በተቃራኒው ነው። ዕድሜ በመጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭን፣ ከፍ ያለ ድምፅ ነው። በሣር ውስጥ እንደ ትንኝ ሲር የምትለው ትንሽ ወፍ ከጆሮ ትጠፋለች። ወፍራሙና ሻካራው ድምፅ ግን ይቆያል። በዚህ በኩል የኢትዮጵያ ደጋ ሽማግሌዎችን አድሏል። ከጉሮሮዋ ሥር ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለላት፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኘው አይቢስ ማለዳና ማታ በመንጋ ስትበር የምታሰማው ጩኸት ማንንም ያነቃል። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1837 ለሳይንስ ያስተዋወቃት እርሷ ናት። ወፍራም ምንቃር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት የያዘው የአገራችን ቁራ ድምፁ ጎርናና ነው፤ ዋኔም ቢሆን ደረቱን ነፍቶ ሲያንጎራጉር ድምፁ ከታች የሚወጣ ነው። እነዚህን ለመስማት የወጣት ጆሮ አያስፈልግም።

በሞርሲቶ ደጃፍ የሚታዩት

ሞርሲቶ በሀዲያ ዞን የሚሻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ አኗኗር የእንሰት አኗኗር ነው። ይህ ለጉዳያችን ትልቅ ትርጉም አለው። እንሰት ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ፣ ቤቱን ከጀርባው የሚከብ አትክልት ነው። ከእንሰቱ ጋር ዋንዛ፣ ሾላ፣ ኮርችና ዝግባ ይቆማሉ፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ከብት የሚውልበት ሣር ይዘረጋል። ሽማግሌው ከደጃፋቸው ሳይርቁ ጥላን፣ ፍሬን፣ አበባንና ሜዳን በአንድ እይታ ያገኛሉ ማለት ነው። አእዋፍም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ኮርች በደረቁ ወራት ቀይ አበባ ሲያወጣ የአበባ ማር የሚቀስሙት ጥቃቅን አእዋፍ ይሰበሰቡበታል። ከእነርሱ መካከል ወንዱ በፀሐይ ሐምራዊ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ስሙን ያገኘው ከተከዜ ወንዝ ነው። ሾላው ሲያፈራ ግንባሩ ቀይ፣ ሌላው አካሉ አረንጓዴ የሆነው ትንሹ በቀቀን በጩኸት ይመጣል፤ እርሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የለም። ከብቶቹን ነጫጭ ረጃጅም እግር አእዋፍ ይከተሏቸዋል። በቄራው አካባቢ ጥንብ አንሳ ይቆማል። ራሱ በላባ ያልተሸፈነውን ትንሹን ጥንብ አንሳ በከተሞቻችን ስለለመድነው ተራ ይመስለናል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት መድቦታል። አንድ አውሮፓዊ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚያየውን የእኛ አዛውንት ከበርጩማቸው ሳይነሡ ያዩታል።

የመስቀል ወፍንም ላንሣ። በአማርኛ ከስንት ጊዜ አንዴ ብቅ የሚለውን ወዳጅ «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። በሀዲያ የያሆዴ፣ በከምባታ የመሳላ በዓል በሚከበርበት በመስከረም ይህች ወፍ ደምቃ ትታያለች፤ ከዚያ ትጠፋለች ይባላል። በየአካባቢው በዚህ ስም የሚጠሩት አእዋፍ ይለያያሉ፤ ከእነርሱ መካከል የክረምት ዝናብ ሲገባ ወንዶቹ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የሚለብሱት ይገኙበታል። እነዚህ ግን የትም አይሄዱም። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ወንዱ ያማረ ላባውን አራግፎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና በዚያው ማሳ ይኖራል። የሚጠፋው ቀለሙ ነው። ይህን ለማወቅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ማሳ የሚመለከት ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ያለው ደግሞ ተማሪው ወይም ነጋዴው ሳይሆን አዛውንቱ ነው።

በእውነት የሚሄዱና የሚመለሱም አሉ። ከአውሮፓ ክረምት የሚሸሹ አእዋፍ በመስከረምና በጥቅምት በስምጥ ሸለቆው በኩል ይገባሉ። ሆዷ ቢጫ፣ ጅራቷን የምታወዛውዝ ትንሽ ወፍ በከብቶቻችን እግር መካከል ከርማ በመጋቢትና በሚያዝያ ትመለሳለች። ነጩ ሽመላ ደግሞ ከአውሮፓ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል፤ ሲሞቅም ይመለሳል። ልጆቻቸው በዚያው አቅጣጫ የሄዱባቸው ወላጆች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን መጠበቅን ከወቅት ጋር ማያያዝ፣ የሚመጣበትን ወር ማወቅና ሲመጣም ማየት፣ መጨረሻው ከማይታወቅ መጠበቅ መጠነኛ ፋታ ይሰጣል።

እንዴት ይታያል?

አእዋፍን መመልከት በዓለም ላይ ውድድር የሆነበት ጊዜ አለ። አሜሪካዊቷ ፊቢ ስኔትሲንገር እ.ኤ.አ. በ1981 ከባድ የቆዳ ካንሰር እንዳለባት ከተነገራት በኋላ ዓለምን ዞራ ከ8,000 በላይ ዓይነት አእዋፍ አየች፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በማዳጋስካር ወፍ ፍለጋ ላይ ሳለች በመኪና አደጋ ሞተች። ጽናቷ የሚደነቅ ነው። ዛሬ የምናገርለት ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ነው። ዝርዝር አይያዝም፣ ቁጥር አይቆጠርም፣ ያልታየው አያስቆጭም።

ተግባራዊ ምክሬ ጥቂት ነው። በጎ ሰዓቱ ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ፀሐይ ከጀርባ ትሁን። ሰው ሲቀመጥ አእዋፍ ይሸሻሉ፤ ዝም ካለ ግን ቆየት ብለው ይመለሳሉ። ያቺ የመጀመሪያ ጸጥታ የዕረፍቱ በር ናት። በደረቁ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በዝርግ ሸክላ ውስጥ ጥቂት ውኃ ማኖርና በየቀኑ መቀየር ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

የማያ መነጽር ግዴታ አይደለም። የሚገዛ ካለ 8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 32 ሚሊሜትር የሆነ ይበቃል። 10 ጊዜ የሚያጎላው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል። ትልቅ ሌንስም ለሽማግሌ ጥቅሙ ትንሽ ነው። በወጣትነት የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ገደማ ሲከፈት በእርጅና ወደ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ይወርዳል። 32 ለ8 ሲካፈል ደግሞ 4 ነው፤ ስለዚህ ቀላሉ መሣሪያ የሚሰጠው ብርሃን ለአዛውንት ዓይን በቂ ነው።

ሊጠፋ የሚችለው

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ከደጃፉ ፊት ለፊት ዛፍ መኖር አለበት። አረንጓዴው በቀቀን የሚያድረው በአሮጌ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ቀዳዳ እስኪያበጅ ድረስ ዛፍ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ቤት ይሠራል፣ ገንዘብ ያመጣል፤ ይህን ጥቅሙን አልክድም። ጭልፊትና አይቢስም ያድሩበታል። ነገር ግን እንደ ሾላ ፍሬ አይሰጥም፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚቆረጥም ለጎጆ የሚሆን ቀዳዳ አያበጅም። ግቢው በሙሉ ባሕር ዛፍ የሆነበት ሽማግሌ አጥር እንጂ የሚያየው የለውም።

በሰፊው ሲታይ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ሲሆን በ1996 ለአእዋፍ ጠቃሚ የሆኑ 69 ቦታዎችን መዝግቦ አሳትሟል። በእኛ ዞን በሻሾጎ ወረዳ የሚገኘው የቦዮ ሐይቅና ረግረጉ ለአእዋፍ ጠቃሚ ተብለው ከሚታወቁት የአገሪቱ ቦታዎች አንዱ ነው። ከተራራው የሚወርደው አፈርና የሚስፋፋው እርሻ ውኃውን እያጠበቡት ነው። አፈሩ የሚወርደው ከተራቆተው ዳገት ነው፤ የደጃፉ ዛፍና የሐይቁ ውኃ የሚገናኙት በዚህ ነው።

ከዛፉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስሙ ነው። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን አእዋፍ ዝርዝር በአዲስ አበባ አሳትመዋል፤ ጆን አሽና ጆን አትኪንስ በ2009 የሥርጭት ካርታቸውን አውጥተዋል። በአገራችን ከ850 በላይ ዓይነት አእዋፍ መኖራቸውን የምናውቀው እንዲህ ካሉ ሥራዎች ነው። እያንዳንዱ ወፍ በላቲንና በእንግሊዝኛ ስሙ ተጽፏል። በሀዲይሳና በከምባትኛ ማን እንደሚባል፣ ምን ሲጮኽ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁት ግን አዛውንቶቻችን ናቸው፤ እውቀቱም በአብዛኛው በቃል ነው። አንድ ሽማግሌ በሞቱ ቁጥር ስማቸውን ያጡ አእዋፍ ይኖራሉ።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ በመጪው ዕረፍታችሁ ቤት ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። በማለዳ ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡ፤ ስልካችሁን ለመቅጃ ብቻ ተጠቀሙበት። ወፏ ስትመጣ «ይህች ማን ትባላለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ካወቁ መዝግቡ፤ ካላወቁም አትቸኩሉ፤ አብራችሁ ተመልከቱ። እንዲህ ስታደርጉ ሁለት ነገር ይፈጸማል። ሳይንሱ ያልነበረውን ስም ያገኛል፤ አያታችሁም ተረስተው እንደተቀመጡ ሰው መሆናቸው ይቀርና የሚጠየቁ አዋቂ ይሆናሉ። በእኔ አስተያየት ሽማግሌን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳርፈው ይህ ነው፤ ከሥራ ተለይቶ ከሰው አለመለየት።